ፏፏቴውን በኪስ፣ ከተማውን በመስኮት

ዛሬ የምጽፈው ከወዳጆቼ ጋር ሊያጣላኝ ይችላል። ወዳጆቼ የምላቸው ግጥም የሚጽፉ፣ ግጥም የሚያነብቡ፣ ለግጥም ምሽት ከየሥራቸው ተጣድፈው የሚሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። ክሴ አንድ ነው፤ የጣናን ዙሪያ አገር አናውቀውም። ያለማወቃችን ሳያንስ ደግሞ ስናወድሰው እንውላለን። ሳያውቁ ማወደስ ከመርሳት የባሰ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እስቲ የዓባይ ፏፏቴ በግጥሞቻችን ውስጥ ያለውን ኑሮ ተመልከቱ። የአፍቃሪው እንባ እንደ ፏፏቴው ይወርዳል። የጀግናው ድምፅ እንደ ፏፏቴው ያስገመግማል። የእናት አገር ቁጣ፣ የትውልድ ተስፋ፣ የተከዳች ሴት ብሶት፣ ሁሉም ከዚያው ገደል ይወረወራል። ጢሱ ሁልጊዜ ይጨሳል፤ ቀስተ ደመናው ሁልጊዜ እንደ ተዘረጋ ነው። በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ጥር የለም፤ ሚያዝያ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ መስከረም ነው።

ይህን ፏፏቴ ከየት አገኘነው? መልሱን ያገኘሁት ከእንጀራዬ ነው። እኔ የምኖረው በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ብር በመቁጠር ነው። በቀድሞዋ የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ጢስ ዓባይ ከነወፎቹ ታትሞ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ያንን ፏፏቴ እናቶቻችን በመቀነት ቋጥረውታል፤ እኛም በቁምጣ ኪሳችን ሸጉጠን ለከረሜላ መንዝረነዋል። እጥፋቱ ላይ እስኪቀደድ፣ ወፎቹ እስኪደበዝዙ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ብዙዎቻችን ፏፏቴውን የጎበኘነው እዚያው ላይ ነው። ግጥማችንም የተቀዳው ከውኃው ሳይሆን ከወረቀቱ ይመስለኛል፤ ወረቀት ደግሞ አይጎድልም፣ በበጋ አይመነምንም።

ያቺን ኖት የተካችው ሳንቲም 2002 ዓ.ም. የሚል ተቀርጾባታል። በአንድ ወገኗ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ወገኗ ሚዛን አለባት። ፏፏቴው ከገንዘባችን ወርዶ ሚዛን ገባ ማለት ነው። በዚያው በ2002 ዓ.ም. በግንቦት ወር የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ሰምና ወርቅ ለሚወድ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ የቅኔ መነሻ ከየት ይመጣል? እኛ ግን ያንን ትተን የጢሱን ውዳሴ ቀጠልን።

ነገሩን በቅደም ተከተል እናስቀምጠው። ፏፏቴው ወደ 40 ሜትር ከፍታ አለው፤ በክረምት ማብቂያ ሲሞላ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሲሠራ 11 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ነበርና ከወንዙ የሚወስደው ጥቂት ነበር። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በሮቹም ኋላ ሰባት ሆኑ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ውኃው ገደሉን ሳይዘል ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ በተርባይን አልፎ ከፏፏቴው በታች ከወንዙ ይቀላቀል ጀመር። በመጨረሻም 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ መጣ። እርሱ ደግሞ ውኃውን በሐይቁ ምዕራብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወስዶ ለበለስ ወንዝ ይሰጠዋል። ያ ውኃ ፏፏቴውን በዓይኑም አያየውም። ስለዚህ በበጋ ወደ ጢስ ዓባይ የወረደ ሰው የሚያየው አብዛኛው ጥቁር ዐለት ነው፤ በዐለቱ ላይ የሚንጠባጠቡትን ክሮች መቁጠር ይቻላል።

አንባቢዬ ሆይ፣ መብራትን አልቃወምም። መብራት ሲጠፋ የባንኩ ማሽን ቆሞ፣ ከሌሊት ጀምሮ በእግሩ የመጣ ገበሬ በመስኮቴ ፊት ሲጉላላ የማየው እኔ ነኝ። አገር ውኃዋን ወደ ብርሃን ብትለውጥ መብቷ ነው፤ በጨለማ የምታጠና ልጅ ከጢሱ ትበልጣለች። የምቃወመው ግጥሙ ይህን ሁሉ አለመስማቱን ነው። አንድ ትልቅ ድምፅ ከአገር ሲቀንስ መጀመሪያ መስማት የነበረበት ገጣሚው ነበር። መሐንዲሱ ሰማ፤ በበር መክፈትና መዝጋት ለካው። በፏፏቴው መንገድ ላይ ጋቢና ነጠላ ዘርግታ የምትሸጠዋ ልጅም ሰማች፤ ገበያዋ ቀዘቀዘ። ገጣሚው ብቻ ያላንዳች መጠራጠር «ይነጎዳል» ብሎ ጻፈ።

የሚመለስልኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ፏፏቴው ምልክት ነው፤ ግጥም የውኃ ልማት ሪፖርት አይደለም» ይሉኛል። ይህ መልስ የቅኔን ነገር ያልመረመረ ሰው መልስ ነው። የቅኔ መምህር ተማሪውን መጀመሪያ የሚቀጣው በወርቁ ሳይሆን በሰሙ ነው። ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ፣ በገሃዱ ዓለም እውነት ካልሆነ ወርቁ አይወጣም። አንጥረኛው ቅርጹን የሚያበጀው በሰም ነው፤ ሰሙ ከተዛነፈ ቀልጦ የሚፈሰው ወርቅም ተዛንፎ ይረጋል። የሌለ ፏፏቴ ምን ዓይነት ተስፋ፣ ምን ዓይነት ፍቅር ሊሸከም ይችላል? እንባዬ እንደ ዓባይ ፏፏቴ ወረደ ያለ አፍቃሪ በመጋቢት ወር ከሆነ የተናገረው፣ አላለቀሰም ማለት ነው።

ወደ መንገዱ ልመለስ። የጎብኚው መንገድ የታወቀ ነው። ባሕር ዳር ይታደራል፤ ጠዋት በጀልባ ወደ ገዳማቱ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ጢስ ዓባይ፣ በማግሥቱ ወደ ጎንደር ግንቦች። ከባሕር ዳር ጎንደር ያለው 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚታየው በሚኒባስ መስኮት ነው፤ ያውም ተሳፋሪው ካልተኛ። ፈረንጁ ይህን ቢያደርግ አልወቅሰውም፤ አሥር ቀን ብቻ ነው ያለው። የእኛ ሰው ግን፣ የእኛ ደራሲ ግን፣ ከፈረንጁ መመሪያ መጽሐፍ የተለየ ዓይን ሊኖረው በተገባ ነበር። እርሱም በዚያው መስኮት ነው የሚያልፈው።

በዚያ መስኮት ከሚያልፉት አንዷ እኔ የምኖርባት ሐሙሲት ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ የዓባይን ድልድይ የተሻገረ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይደርስባታል፤ ሳያውቃትም ያልፋታል። ስሟ ከገበያ ቀኗ ከሐሙስ የመጣ ነው፤ በዚሁ በደራ ምድር ዓርብ ገበያ የምትባል እኅት አለቻት። በእኛ አገር ሳምንት ራሱ መልክዓ ምድር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሐይቁ ወገን ሩዝና ዓሣ፣ ከተራራው ወገን ገብስና ድንች ይመጣና በአንድ ሜዳ ይገናኛል። የሽንኩርት ወራት ሲሆን ከሰዓት በኋላ በመስኮቴ የምቀበለው ብር ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ብሩን በሽታው ለይቼ የማን እርሻ እንደ ደረሰ ማወቅ እችላለሁ። ይህ ለግጥም አይበቃም ወይ?

ከሐሙሲት ወደ አንበሳሜ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ዋንዛዬን ይጠይቅ። በጉማራ ወንዝ ዳር ያለ ፍል ውኃ ነው። ሕመምተኛው ስንቁን ይዞ ይመጣል፤ ቀናት ይሰነብታል፤ በማታ ከማያውቀው ሰው ጋር እሳት ይጋራል። በሽታውን ለባለቤቱ ያልነገረ ሰው ዋንዛዬ ላይ ለእንግዳ ሲናገር ይሰማል። የአንድ ልብ ወለድ መቼት ተዘጋጅቶ ደራሲ እየጠበቀ ያለ ይመስላል።

ጉማራን እዚያው ሳለን እናንሣው። በጣና 15 ያህል በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ክረምት ሲገባ ሰፊውን ሐይቅ ትተው ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣሉ፤ የደፈረሰውን ጎርፍ ሽቅብ እየቀዘፉ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውኃ ድረስ ሄደው ይራባሉ። በዚያ ሰዓት በወንዙ አፍ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ስለ ፍቅር የሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ ይሻል? እኛ ግን ወደ ታች የሚወርደውን ውኃ እንጂ ወደ ላይ የሚወጣውን ዓሣ አላየንም።

ጉማራን ከተሻገሩ በኋላ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው የሚተኙበት ምድር ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ብዙ ቀበሌዎችን አጥለቅልቆ ሕዝብ አፈናቅሏል። ውኃው ሲሸሽ በረጠበው አፈር ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ከገበሬ ማኅበራት ጋር ሞከሩት። ዛሬ የወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ከተማ ናት፤ የሜዳውም እንጀራ ከጤፍና ከሩዝ ተደባልቆ ይጋገራል። በአንጻሩ ሩዙ በሰፋ ቁጥር ግጦሹ ጠብቧል፤ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬዋ የፎገራ ላም፣ በወተቷ አገር ያወቃት፣ መቆሚያ አጥታለች። አንድ ትውልድ በማይሞላ ጊዜ የአንድ ሜዳ ምግብ፣ ከብት፣ ሽታ፣ ድምፅ ተለወጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ፎገራ የጻፍነው ስንት ነው?

ወረታ የሚለውን ቃል ስሰማ ደግሞ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የከተማዋ ስም ምንጩ ምንም ይሁን፣ በቋንቋችን ወረታ የውለታ ብድር ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲታጠፉ ዓለም በር አለች። በዚያው አቅጣጫ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ወንድና ሴት ሥራን ሳይለዩ የሚኖሩበት የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። ወረታ፣ ዓለም በር፣ አዲስ ዘመን፤ ስሞቹ ራሳቸው ስንኝ ሆነው በመንገድ ዳር ተሰጥተዋል፤ አንሺ አጡ እንጂ።

በሐይቁ ዳር ደግሞ ቆራጣ አለች። ስለ አፄ ቴዎድሮስ አንድ ግጥም ያልሞከረ ገጣሚ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ቋራን እናውቃለን፤ ጋፋትን እናነሣለን፤ መቅደላ ላይ እናለቅሳለን። ነገር ግን በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝ ራሳም የተቀመጠው፣ ከመቅደላ የተፈቱት አውሮፓውያን እስረኞችም ወደ እርሱ የመጡት በቆራጣ ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ዕርቅ የሚወርድ መስሎ ነበር፤ ከዚያ ንጉሡ እንደገና አሰሯቸው። የመቅደላ መንገድ የተጠረገው በዚህች የሐይቅ ዳር መንደር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የታሪኩን መጨረሻ የምናለቅሰውን ያህል መታጠፊያውን ብንጎበኝ ምን ነበረበት?

«ሐሙሲት ምን የሚታይ አለ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፤ ማንኩሳ ምን የሚታይ ነበረ? ከ1958 ዓ.ም. በፊት ማንኩሳን ያውቅ የነበረው ከማንኩሳና ከጎረቤቷ በቀር ማን ነበር? ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ ትውልድ አገር አደረጓት፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረካት፤ ዛሬ ማንኩሳን ያላየ ኢትዮጵያዊ እንኳ በልቡ ያውቃታል። ማንኩሳ ፏፏቴ ስላላት አልነበረም። አንድ ደራሲ ቆሞ የሰዎቿን አነጋገር፣ የስለታቸውን ጭንቀት፣ የድህነታቸውን ልክ ስላዳመጠ ነው። ትንሽ ከተማ የሚባል ነገር በሥነ ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ ችኩል ጸሐፊ ግን አለ።

«ጉብኝት የፈረንጅ ባህል ነው፤ እኛ ለሥራና ለጸሎት እንጂ ለማየት ብለን አንጓዝም» የሚሉም አሉ። ይህ ደግሞ የራስን ታሪክ መካድ ነው። የቆሎ ተማሪው ምን ነበር? አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ ቅኔውን ከጎጃም፣ ድጓውን ከቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ከዙር አባ እያለ ይህንኑ የጎንደርን ደቡብ በእግሩ የለካው እርሱ ነው። የየመንደሩን ውሻ በዱላው፣ የየመንደሩን ደግ ሴት በቁራሽ እንጀራዋ ያውቅ ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ፏፏቴውን አይቶ፣ የግሽ ዓባይ ምንጭም ደርሶ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ለማለት ተጣደፈ፤ ፔድሮ ፓኤዝ ግን ከእርሱ በፊት በ1618 እዚያ ምንጭ ቆሞ ነበር፤ የምንጩ ዳር ገበሬ ደግሞ ከሁለቱም በፊት ከብቱን ያጠጣበት ነበር። የእንግሊዙ ቆንስል ቺዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። የእነርሱን ትጋት አላናንቅም፤ እንዲያውም ያሳፍረኛል። ነገር ግን የእኛ የጉዞ ባህል ከእነርሱ አይጀምርም። ጎብኚ ከአንድ አገር ሲደርስ «ምን አለ?» ይላል፤ የቆሎ ተማሪው የሚጠይቀው «ማን አለ?» ብሎ ነበር። ሥነ ጽሑፋችን የጎደለው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተቆጣሁ። ሳያዩ ማወደስ ዋጋ ያስከፍላል። እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ በ2004 ዓ.ም. ታወቀ፤ በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብ አረሙ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ ወገን ተንሰራፍቶ ነበር። ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው ያዩት ነበር፤ ታንኳቸው አላንቀሳቅስ ብሏቸዋልና። የእኛ ግጥም ግን ያኔም «ሰማያዊው ጣና» እያለ ነበር። ኋላ ወሬው ሲሰማ ከመላ አገሪቱ ወጣቶች መጥተው አረሙን በእጃቸው ነቀሉ፤ ግጥሙም ለአንድ ሰሞን ጎረፈ። ከዚያስ? አረሙ በየዓመቱ ይመለሳል፤ ግጥሙ አልተመለሰም። ሐይቁን በፖስት ካርድ የሚወድ ሕዝብ፣ ሐይቁ ቢሞት የሚያውቀው ፖስት ካርዱ ሲደበዝዝ ነው።

እውነት ነው፣ ዛሬ ኑና ተጓዙ ማለት ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ይህ መንገድ ጎብኚ የሚያየው በብርቅ ሆኗል። ጀልባው ታስሮ፣ አስጎብኚው ሌላ ሥራ ፈልጎ፣ ሰውም ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ አስቦና ጠይቆ የሚነሣበት ጊዜ ነው። ማንንም ወደ አደጋ አልጠራም። ነገር ግን ጎብኚ የሌለበት ጊዜ የጸሐፊ ጊዜ ነው። ከዚህ አካባቢ የተወለዳችሁ፣ እዚህ የምታስተምሩ፣ እዚህ የምታክሙ፣ እንደ እኔ እዚህ ሒሳብ የምትሠሩ ሰዎች ብዙ ናችሁ። እናንተ ለማየት መንገድ አያስፈልጋችሁም፤ በር መክፈት ብቻ ይበቃችኋል። ሰላም ወርዶ መንገዱ ሲከፈት የሚመጣው እንግዳ እንደገና ያንኑ አሮጌ ፏፏቴ ብቻ እንዳይጎበኝ፣ ከአሁኑ የምናቀብለው ጽሑፍ ይኑረን።

ስለዚህ ለወዳጆቼ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ጢስ ዓባይን የምትጽፉ ከሆነ ወሩን ንገሩን። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው በአላታ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ፣ ከማዶ ቆማችሁ ያያችሁትን ጻፉ፤ ዐለት ካያችሁ ዐለት በሉን። ጣናን የምትጽፉ ከሆነ ታንኳው የተሠራበትን ደንገል ማን እንዳጨደው ጠይቁ። ወደ ጎንደር የምትሄዱ ከሆነ በመንገዱ ካሉት ከተሞች በአንዷ ውረዱ፤ አንድ ቀን እደሩባት፤ የአንድ ሰው ታሪክ ይዛችሁ ውጡ። በየዓመቱ አንዳንዳችን አንድ ቦታ ብንጽፍ፣ በአሥር ዓመት የጣና ዙሪያ እንደ ማንኩሳ በልባችን የሚታወቅ አገር ይሆናል።

ፏፏቴው ከእኛ ሌላ ውዳሴ አይፈልግም፤ ከበቂ በላይ ተወድሷል። የጎደለበትን ውኃ የሚቆጥርለት ሰው ግን ይፈልጋል። መቁጠር የእኔ ሙያ ነው፤ ብቻዬን ስለማልዘልቀው ነው የምጠራችሁ። ያላየነውን አገር ማወደስ እንተውና ያየነውን እንናገር፤ ያኔ ለዚህች ምድር ያለብን ወረታ ትንሽ ይቃለል ይሆናል።

ይቆየን።